ጥያቄና መልስ፦ የተለገሰ ደም በከረጢት ውስጥ

ጥያቄ፦ ለአባቴ የተሰጠው ደም ከተቀዳ አምስት ሳምንት አልፎታል። ያረጀ ደም አይጎዳም?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ማቆያ ፈሳሽ የተጨመረበት ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተቀመጠ እስከ 42 ቀን ይሰጣል። በቆይታው ይደክማል፤ ፖታሲየም ከውስጡ ይፈስሳል፣ ዝርግ ክብ ቅርጹ እሾሃማ እየሆነ ይሄዳል። ኦክስጅንን እንዲለቅ የሚረዳው ንጥረ ነገርም በሁለት ሳምንት ገደማ ይሟጠጣል፤ ሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በሦስት ቀን ግድም ይመለስለታል። ትኩስና የቆየ ደም የወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንን ያነጻጸሩ ጥናቶች በሞት መጠን ልዩነት አላገኙም። ጊዜው እስካላለፈበት ድረስ አይጨነቁ። ብዙ ደም የሚያስፈልገው ጨቅላ ሕፃን ሲሆን ግን፣ በፖታሲየሙ ምክንያት ሐኪሞች ትኩሱን ይመርጣሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም በረዶ አድርጎ ማቆየት አይሻልም?

መልስ፦ አይሆንም። ግሊሰሮል የተባለው ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ ያልተጨመረበት ቀይ ሕዋስ በረዶ ከሆነ ይፈነዳል። ለፕላዝማ፣ ማለትም ሕዋሳቱ ሲለዩ ለሚቀረው የደም ፈሳሽ፣ ግን በረዶ መሆን ይስማማዋል፤ ተለይቶ በሰዓታት ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላቀ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች ይዳከማሉ።

ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ጥቃቅን የደም ክፍል፣ ደግሞ ቅዝቃዜ አይወድም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ሌትና ቀን በማወዛወዣ ላይ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ብቻ ይቆያል። የላብራቶሪ ባለሙያ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንስቶ በቀስታ ሲያዞረው ልብ ብላችሁ እዩ፤ ጤነኛ ፕላትሌት እንደ ጢስ እየተጥመለመለ ያንጸባርቃል። የተበላሸው ደብዝዞ ዝም ይላል። ይህን ባየሁ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሕይወት መሆኑ ይሰማኛል።

ጥያቄ፦ ነጭ የደም ሕዋስ ለምን ተጣርቶ ይወጣል?

መልስ፦ ደም በሚሰጥበት ጊዜ የሚመጣውን ትኩሳትና በነጭ ሕዋስ ውስጥ ተደብቀው የሚተላለፉ አንዳንድ ቫይረሶችን ስለሚቀንስ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ደም ሕመምተኛው እስኪዘጋጅ አንድ ሰዓት ቆየ። መልሼ ላስገባው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አታስገቢው። የተለመደው ገደብ 30 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለደም ባንኩ አሳውቂ እንጂ ወደ ማቀዝቀዣው አትመልሺው። መስጠት ከተጀመረም ከረጢቱ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በሙቅ ውኃ ወይም በፀሐይ ማሞቅ ቀይ ሕዋሱን ይሰባብራል። ከመስቀልሽ በፊት ከረጢቱን ተመልከቺ፤ ከጠቆረ፣ ከረጋ ወይም ካፈሰሰ ወደመጣበት መልሺው።