እምነቴ ለምን ሸክም ሆነብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው። ስታዲየም አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ከተማው ዳር ብንገባም፣ ጠዋት ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስን ሳልሳለም ሥራ አልገባም። ጾም አላጓድልም። ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ፣ ማኅበርም አለኝ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ደክሞኛል። አንድ ቀን ሳልሳለም ካለፍኩ እስከ ማታ ክፉ ነገር እጠብቃለሁ። «መንፈሳዊ ናት» ስለሚሉኝ ለማንም እምቢ ማለት አልችልም። የሥራ ባልደረባዬ «ሃይማኖት ነው ያሰረሽ፣ ትንሽ ፈታ በይ» ትለኛለች። ጌታችን «ሕይወት እንዲሆንላቸው እንዲበዛላቸውም መጣሁ» ብሏል። ይሄ የበዛ ሕይወት እኔ ጋ ለምን አልደረሰም?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ይህን መጠየቅሽ ክህደት አይደለም፤ የሚጠይቅ ሰው ገና ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ነው።

የምትዪውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። እኔም በየቀኑ በታክሲ ስመላለስ፣ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሳላማትብ ከቀረሁ አደጋ የሚደርስብን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ አለፍኩት። ምንም አልሆንኩም። ማታ በሰላም ቤቴ ስገባ ግን የተሰማኝ ምስጋና ሳይሆን፣ መክፈያ ቀኑን ያሳለፈ ባለዕዳ የሚሰማው ዓይነት ጭንቀት ነበር፣ ነገ ከነወለዱ ይጠየቃል የሚል። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ አባትህ ቤት ስትገባ ግብር ይዘህ ነው የምትገባው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ጠቀስሽው ቃል እንሂድ። ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 10 ነው። ብዙዎቻችን እሱን እንይዝና ከላዩ ያለውን ቁጥር 9ን እንዘለዋለን። እዚያ ጌታ «በሩ እኔ ነኝ» ሲል፣ በእርሱ የሚገባ «ይገባልም ይወጣልም መሰምርያም ያገኛል» ይላል። እስቲ ቆም ብለሽ አስቢው። ሳያስፈቅድ የሚገባ የሚወጣ ማን ነው? የቤቱ ልጅ ነው። እንግዳ በር ላይ ያንኳኳል፣ ሠራተኛ ሰዓት ይቆጥራል፣ ልጅ ግን በሩን ገፋ አድርጎ ይገባና «ምን አለ የሚበላ?» ይላል።

«እንዲበዛላቸው» የሚለው ቃል ደግሞ በግሪኩ «ፔሪሶን» ነው። ከሚበቃው በላይ የሆነ፣ የሚተርፍ ማለት ነው። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ፣ ከ5ቱ የገብስ እንጀራ ሕዝቡ በልቶ 12 መሶብ ሲተርፍ «የተረፈው» የተባለው ከዚሁ ቃል ሥር ነው። እዚያ የነበሩ ሰዎች በማግስቱ ሀብታም ሆነው አልነቁም። ቤታቸው ያው ነው፣ ኑሯቸው ያው ነው። ያን ቀን ግን ማንም ለራሱ ቆጥቦ መብላት አላስፈለገውም። የበዛ ሕይወት ማለት የደመወዝ ጭማሪ ወይም ችግር የሌለበት ኑሮ ነው ብሎ የሚነግርሽ ካለ አትስሚው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ፍቅርን ለራስ እየቆጠቡ ሳይሆን ሞልቶ ከሚተርፈው እየሰጡ መኖር ነው።

አንቺ ግን የምትሰጪው ከሌለሽ ላይ ነው። ለዚህ ነው የደከመሽ።

ሉቃስ 15 ላይ ስለ ጠፋው ልጅ ስናነብ ዓይናችን ታናሹ ላይ ያርፋል። እኔን ያስለቀሰኝ ታላቁ ነው። ከቤት አልወጣም፣ ገንዘብ አላባከነም፣ ትእዛዝ አላፈረሰም። ለአባቱ የሚለውን ስሚው፦ «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባርያ ተገዝቼልሃለሁ»። በገዛ አባቱ ቤት! አንድ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ብሎም ይከስሰዋል፤ ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ስለ መጠየቁ ግን አንድ ቃል የለም። አባትየው ድግሱን ጥሎ ወደ ውጭ ይወጣና ይለምነዋል፦ «ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው»። ታሪኩ ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ ሳይነግረን ያበቃል። ደብዳቤሽን ሳነብ ያ በር ላይ የቆመው ሰው ታየኝ። እባክሽ ግቢ።

ባልደረባሽ መታሰርሽን በደንብ አይታለች፤ ገመዱን ግን ተሳስታለች። ያሰረሽ ክርስቶስ አይደለም፣ ፍርሃትና ይሉኝታ ናቸው። ይሉኝታ ደግሞ እኛ አገር ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይገባል። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልግሎት ስንቱን በደስታ፣ ስንቱን «ብቀር ምን ይሉኛል» ብለሽ እንደምትሠሪ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «እንደገና ለፍርሃት የባርነትን መንፈስ አልተቀበላችሁምና» ያላቸው እኮ ለተጠመቁ፣ ለሚያምኑ ሰዎች ነው። አማኝ ሆኖ በፍርሃት መኖር እንደሚቻል አይቶ ነው የጻፈው።

ታዲያ ጾሙን ተዪው፣ መሳለሙን አቁሚ እያልኩሽ ነው? በፍጹም። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም «የበደልን እስራት ትፈቱ ዘንድ» ይላል። ጾም የተሰጠን ለመፈታት ነው። የዓቢይ ጾምን 55 ቀን ጨርሰሽ ለትንሣኤ ከበፊቱ የባሰ የምትፈሪ፣ የባሰ በሰው የምትፈርጂ ከሆንሽ፣ ችግሩ ጾሙ ላይ ሳይሆን ለማን እየከፈልኩ ነው ብለሽ በያዝሽው ሐሳብ ላይ ነው።

ነገ ጠዋት ጊዮርጊስ በር ስትደርሺ፣ የቀኑን ጥያቄ ሁሉ መደርደሩን ተዪውና «አባት ሆይ፣ መጣሁ» ብቻ ብለሽ ትንሽ ቁሚ። ታክሲ ዘግይቶብሽ መውረድ ካልቻልሽ አማትበሽ እለፊ። ጊዮርጊስ አይቀየምሽም። ከዚያ በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው፣ ለአንዱ ብቻ፣ «ይቅርታ፣ አልችልም» በይ። ምክንያት አትፍጠሪ፣ አትዋሺ። ልብሽ ይመታል፣ ሰውየውም ሊያኮርፍ ይችላል። ግን ያን ማታ የምትጸልዪው ጸሎት ከዚህ በፊት ከጸለይሽው የተለየ ሊሆን ይችላል፣ በእኔ ሆኖ አይቼዋለሁ። ለንስሐ አባትሽም የጾሙንና የስግደቱን ብቻ ሳይሆን የፍርሃቱን ነገር እንዳለ ንገሪያቸው፤ ኃጢአት አይደለም ብለሽ አትለፊው። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ምግብ የሚከለክልሽ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ከወር በኋላ እንደገና ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፣ የምሠራው ለገሃር አካባቢ ነው። የማኅበር ተራዬ ደርሷል። ያለፉት አባላት በግ አርደው፣ ቢራ ደርድረው ነው ያወጡት። እኔ እንደዚያ ለማድረግ መበደር አለብኝ። ባልበደር ጻድቁን ያሳነስኩ ይመስለኛል፣ ሰዉንም አፍራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይበደሩ። ጠበል ጸዲቅ ዳቦና ጠላ ነው፣ ከተቻለ ንፍሮ። የእርስዎን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በልቶ የሚከብር ጻድቅ የለም። የሚያሳፍርዎት ጻድቁ ሳይሆኑ ያለፈው ወር ደጋሽ ናቸው፤ እሳቸውም ምናልባት በብድር ነው ያወጡት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ቀድመው ይናገሩ፣ «እኔ በዳቦና በጠላ ነው የማወጣው» ይበሉ። በእኛ ማኅበር አንዲት እናት እንዲህ ብለው ተነሡ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ አንዱ «እኔም»፣ ሌላው «እኔም» አለ። ተራቸውን ፈርተው ቀርተው የነበሩ ሁለት አባላትም በቀጣዩ ወር ተመልሰው መጡ።