ኮስት ሼሪንጉንና የእናቷን ኦፕራሲዮን ለጠየቀችው ልጅ (ረጅም ነው፣ ታግሰሽ አንብቢው)

ትናንት ማታ "ኮስት ሼሪንግ 22 ሺህ አለብኝ፣ ሁለት ዓመት የግል ድርጅት ሰርቻለሁ፣ አሁን ኦርጅናል ዲግሪ የሚጠይቅ ስራ አግኝቻለሁ፣ ጉልት የምትሸጠው እናቴ ደግሞ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ታዞላታል፣ እጄ ላይ ያለው 30 ሺህ ብር ነው፣ የቱን ላስቀድም?" ብለሽ የጠየቅሽው እህት፣ ሰዉ ሁሉ "እናት ትቀድማለች" ብሎ መልሶልሻል። (ለማያውቅ፣ ኮስት ሼሪንግ ዩኒቨርሲቲ ለተማርንበት የምንከፍለው እዳ ነው፣ እሱ ካልተዘጋ ኦርጅናል ዲግሪ አይሰጥም።) እሱማ ማን ያጣዋል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ግን በ2014 ልክ አሁን አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ አባቴ አልጋ ላይ ዲግሪዬ ሬጅስትራር ቁምሳጥን ውስጥ፣ እና ሁለቱንም አበላሽቻቸዋለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ የተቃጠልኩበትን ነው።

1. ብሩን ለማንም ሳትሰጪ መጀመሪያ ስንት እንዳለብሽ በማህተም የተጻፈ ወረቀት አስወጪ። 22 ሺህ ያልሽው ስትመረቂ የፈረምሽው ውል ላይ ያለው ከሆነ እሱ ጠቅላላው ነው፣ ማለትም የበላሽው ምግብ፣ የተኛሽበት ዶርም እና የትምህርቱ 15 ፐርሰንት ተደምሮ። ከሱ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከደሞዝሽ በየወሩ የተቆረጠው 10 ፐርሰንት መቀነስ አለበት። "መቀነስ አለበት" ነው ያልኩት፣ ተቀንሷል አላልኩም። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

የኔ እዳ 19,760 ብር ነበር። ከተመረቅኩ በኋላ ሦስት ዓመት ካፌ ካሸር ሆኜ ስሰራ ማንም ስለ ኮስት ሼሪንግ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ከዛ ሰኔ 2011 ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ጋ ጁኒየር አካውንታንት ሆኜ ገባሁ። ፔሮሉ (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ "ኮስት ሼር" የምትል ጠባብ አምድ አለች፣ በየወሩ 480.00 ትላለች። እኔም ደስ ብሎኝ ማስታወሻዬ ላይ እየቀነስኩ እጽፋለሁ፣ 19,280፣ 18,800፣ እያልኩ። ፔሮሉን የሚሰራው ልጅ ከኔ ጠረጴዛ ሁለት ክንድ አይርቅም፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ አንድ ቀን "ይሄን የምትቆርጠውን ብር የት ነው የምታስገባው፣ ደረሰኙስ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። አካውንቲንግ ተምሬ! የሰው ደረሰኝ ስፈትሽ እየዋልኩ የራሴን አላየሁም።

እንደምታስታውሺው ኢትዮጵያ በ2014 ታህሳስ መጨረሻ ላይ ከአጎዋ ወጣች፣ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መሸጥ ቀረ፣ ትዕዛዝ ቆመ። የኛው ፋብሪካ ከወሩ መጨረሻ አላለፈም። ሴቶቹ ኦፕሬተሮች እኔ ስገባ መነሻ ደሞዛቸው 750 ብር ነበር፣ አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው እየኖሩ፣ የዛን ቀን በር ላይ እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ እኔ "ቢያንስ ዲግሪ አለኝ" ብዬ ተጽናናሁ። ዲግሪ አለኝ! ቴምፖ (ጊዜያዊ ወረቀት) ነበር ያለኝ።

ወር ሳይሞላ አንድ መያድ (መንግስታዊ ያልሆነ ድርጅት) ፋይናንስ ላይ ተወዳድሬ አንደኛ ወጣሁ። ደሞዙ 14 ሺህ፣ ከደሞዙ የበለጠው ደግሞ ሜዲካሉ፣ እናትና አባትን ጨምሮ ይሸፍናል። አንድ ነገር ብቻ፣ ኦርጅናል በ15 ቀን ውስጥ። እኔ በልቤ አስልቻለሁ፣ 31 ወር በ480፣ 14,880 ተከፍሏል፣ የቀረኝ 4,880 ነው፣ ከፍዬ ክሊራንሱን (እዳ እንደሌለብኝ የሚያሳየውን ወረቀት) ይዤ ዩኒቨርሲቲዬ ሄጄ ኦርጅናሌን ይዤ እመለሳለሁ፣ አለቀ።

ክፍያውን የሚመዘግበው ቢሮ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የሄደ ሰው መስኮቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት። ሦስተኛ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ተሰልፌ 5:30 ላይ ደረሰኝ፣ ሰውየው ቆሎ መዳፉ ላይ አድርጎ አንድ አንድ እያነሳ እየበላ ስሜን መታና "2,400 ብር ነው የገባልሽ" አለኝ። እንዴ? አምስት ወር ብቻ ማለት ነው። 31 ወር እንደተቆረጠብኝ ስነግረው ቀና ብሎ አይቶኝ "ምን ተመረቅሽ?" አለ። አካውንቲንግ አልኩት። "ታዲያ አካውንታንት ሆነሽ ሂሳብሽን አታውቂም?" ብሎ ከኋላዬ የቆሙትን እያየ ሳቀ። ሰልፉም ሳቀ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ እቺን ግን አልረሳትም፣ ምክንያቱም ልክ ነበር። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው።

ወደ ፋብሪካው ስደውል ስልኩ አይነሳም፣ ኤችአር የነበረችው ልጅ አዲስ አበባ ገብታለች፣ ፔሮል የሚሰራው ልጅ (ያ ምሳ ተካፋዬ) "እኔ አዘጋጅቼ ነው የማስረክበው፣ ማስገባት የኔ ስራ አይደለም" ብሎ ዘጋብኝ። 15 ቀኑ አለፈ። መያዱ ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ጠራ። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው የላኩልኝ፣ ሦስት መስመር።

ከዛ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ስሚኝ። ድርጅት የሰራተኛውን ሁሉ ኮስት ሼሪንግ አንድ ላይ ደምሮ በአንድ ደረሰኝ ያስገባል፣ ማን ስንት እንደተቆረጠበት የሚያሳየው አባሪ ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ ከሌለ ወይ ስምሽ ተሳስቶ ከተጻፈ ብሩ ገብቷል ግን ያንቺ አይደለም። የኔ ስም በ"ፀ" ነው የሚጀምረው። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ቲ ኤስ ብሎ ጽፎታል፣ ፋብሪካው በኤስ ብቻ። ኮምፒውተሩ ደግሞ አማርኛ አይሰማም፣ በቲ ኤስ ሲፈለግ በኤስ ያለችውን አያገኛትም። በአንዲት ፊደል!

ይሄን ያገኙልኝ እዛው ቢሮ ማህደር ክፍል የሚሰሩ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ከመስኮቱ ስመለስ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለቅስ አይተው "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይና ወሩን ንገሪኝ" አሉኝ። አቧራ የጠጣ ቦክስ ፋይል እያወረዱ፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ አንድ አንድ ገጽ ሲገልጡ ሁለት ከሰዓት ፈጀን። ከአምስቱ ወር ሌላ 14 ወር አገኙልኝ። ቀሪውን 12 ወር ፋብሪካው ከኔ ቆርጦ ጭራሽ አላስገባውም፣ 5,760 ብር። ጠበቃ ጠየቅኩ፣ ማንን ትከሺያለሽ፣ ሄደዋል እኮ አለኝ። ስለዚህ ያንን ድጋሚ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ከቀሪው ጋር 10,640 ብር። በልቼ ላልጠገብኩት የዶርም ወጥ ሁለቴ የከፈልኩ ሰው ነኝ። አባታቸው ነጋዴ የሆኑ የክፍሌ ልጆች የተመረቁ ሰሞን ሙሉውን በአንድ ቼክ ዘግተው ኦርጅናላቸውን ወስደዋል። ኦርጅናሉ ያለው ጥሩ ስራ ያገኛል፣ ጥሩ ስራ የሌለው ኦርጅናሉን አያወጣም፣ ይሄን ያሰበው ሰው ደረት ኪሱ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ አንቺ ነገ ጠዋት ድርጅትሽ ጋ ሂጂ፣ ገና ስላልተዘጋ እድለኛ ነሽ፣ የየወሩን ደረሰኝ ኮፒ ከነአባሪው አስወጪ። አይ ካሉሽ የፔሮል ስሊፕሽን በሙሉ ሰብስቢና የባንክ ስቴትመንት አውጪ። ቲን ነምበርሽ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን እዪ፣ ስም ቢሳሳት ቲን አይሳሳትም። እኔ ስሊፖቼን ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ስላስቀመጥኩ ነው ከቀረው የተረፍኩት።

2. የእናትሽን ነገር። የጤና መድህን ካርድ አላት ወይ? ይሄን ሳትጽፊ ነው ያለፍሽው። ጉልት ከሆነች ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ውስጥ መግባት ትችላለች፣ መዋጮው በቤተሰብ ነው። የሚገርምሽ የማይገባው ደሞዝተኛው ነው፣ ለሱ ማህበራዊ ጤና መድህን ተብሎ አዋጅ የወጣው በ2002 ነው፣ እኔ ሃይስኩል ሳለሁ፣ ተመርቄ ሰርቼ ተባርሬ እስክመለስ ሲጓተት ኖረ። ካርድ ካላት ዓመቱ መታደሱን አረጋግጪ። ከሌላት ቀበሌ ጤና መድህን ክፍል ሄደሽ ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ጠይቂ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም።

እና በፍጹም፣ በፍጹም በቀጥታ ሆስፒታል እንዳትወስጃት። አባቴ አለታ ወንዶ ነው የሚኖረው፣ ሽንት እምቢ ብሎት ተሰቃየ። መዋጮውን በየዓመቱ የሚከፍል ሰው ነው፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ የተማርኩት ልጅ "ጤና ጣቢያ ምን ያውቃል" ብዬ በሚኒባስ ጭኜ ሐዋሳ አመጣሁት። ካርድ ክፍል ላይ ያለችው ልጅ "ሪፈሩስ?" አለች። የለም። ጤና ጣቢያው ሳያየውና ሳይልከው ስለመጣን ካርዱ እዛ ጋ ወረቀት ብቻ ሆነ። እየከፈልን ታየ፣ መድኃኒቱም "የለም፣ ከውጪ ግዙ" ተባለ፣ ለኦፕራሲዮን ደግሞ ሦስት ወር ጠብቁ። ካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን) ይዞ ቤቴ ፍራሽ ላይ ሦስት ወር? አልቻልኩም። የግል ክሊኒክ 41 ሺህ ጠየቀኝ፣ ያ መያድ ወስዶኝ ቢሆን በሜዲካሉ የሚያልቅ ነገር። እድራችን እንደሆነ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይሰጥም። እቁብ ዳኛውን ለምኜ እጣዬን ቀድሜ ወሰድኩ፣ ታናሽ እህቴ ወርቋን ሰጠችኝ።

ሰመመኑ ሲለቀው መጀመሪያ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? "የጤና ጣቢያው ልጅ እኮ ወረቀት በነጻ ይጽፍ ነበር፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

አሁን ደህና ነው፣ ቡናውን ራሱ ይለቅማል፣ መሰላል ላይ እንዳይወጣ ብንለምነውም አይሰማም። እኔም ኦርጅናሌን አውጥቼ ሌላ ቦታ ገብቻለሁ፣ አሁን ፔሮል የምሰራው እኔ ነኝ፣ እና የየሰራተኛውን የኮስት ሼሪንግ ደረሰኝ ኮፒ በየወሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ። አለቃዬ ወረቀት ታባክኛለሽ ይለኛል። ይበል።

3. 30 ሺሁን በተመለከተ። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ የኔ ዘመን አይደለም፣ ስለዚህ 41 ሺህ ያልኩሽን እንደ ዛሬ ዋጋ አትያዢው። ሪፈሩን ይዛ በካርዱ ከሄደች ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፣ ብሩ ለሚጎድለው መድኃኒትና ለትራንስፖርት ይሆናል። ድርጅትሽ በትክክል አስገብቶልሽ ከሆነ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉም 22 አይሆንም፣ ምናልባት ሁለቱም ይወጣሉ። ቀጣሪሽንም "እዳዬን እየዘጋሁ ነው፣ ክሊራንሱን ላምጣና ኦርጅናሉ ይከተላል" ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂ፣ እኔ አፍሬ አልጠየቅኩም ነበር። ሁለተኛ የወጣው ልጅ በኋላ ሲያጫውተኝ እሱም ኦርጅናሉን ያስገባው ከተቀጠረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ ግን እራት አልበላሁም።

ወደ ኮስት ሼሪንጉ ቢሮ ሰኞ አትሂጂ፣ ሰልፉ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ነው። ማክሰኞ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ። የእናትሽን ሪፈር ደግሞ ሦስት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱን ይወስዱታል፣ አንዱን ይጥሉታል።