የአፕትሊ ሪፖዚቶሪ በራሱ እንዲታደስ ስታደርግ፦ ከደረሰብኝ ልንገርህ

አፕትሊ የኡቡንቱና የዴቢያን ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ማከማቻ (ሪፖዚቶሪ) የሚያስተዳድር መሣሪያ ነው። ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው፦ «ለቢሯችን ኡቡንቱ ሰርቨሮች በአፕትሊ የራሳችን ሪፖዚቶሪ አለን። ሚረሩን የማድሰውም፣ ስናፕሾት የማነሳውም፣ ፐብሊሽ የማደርገውም በእጄ ነው። እንዴት በራሱ እንዲሠራ ላድርገው?»

ትዕዛዞቹ ቀላል ናቸው። ሚረር አፕዴት (ከኡቡንቱ የቀዳኸውን ቅጂ ማደስ)፣ ስናፕሾት ክሪኤት (ቅጂው በዚያች ሰዓት ያለበትን ይዞ ማስቀመጥ)፣ ፐብሊሽ ስዊች (ሰርቨሮቹ የሚያዩትን ወደ አዲሱ ስናፕሾት ማዞር)። ሦስቱን በተራ ጽፈህ፣ ለስናፕሾቱ የዕለቱን ቀን ስም ሰጥተህ፣ በየሌሊቱ በሰዓቱ የሚያስነሳው ታይመር ላይ ታስቀምጣለህ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ከዚያ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ሶፍትዌር) ማስተካከያ ለምን አልደረሰኝም?» አለኝ። ሳየው ፐብሊሽ የሆነው ስናፕሾት የዚያኑ ቀን ስም ይዟል። ውስጡ ያለው ግን የሦስት ሳምንት አሮጌ ነው። ለካ ፋየርዎሉ ላይ ለውጥ ተደርጎ ማውረዱ በየሌሊቱ ይከሽፍ ነበር። ስክሪፕቱ ግን አይቆምም። ካልታደሰው ሚረር ስናፕሾት ያነሳል፣ አዲስ ቀን ይለጥፍበታል፣ ያወጣዋል። እኔ ቀኑን እያየሁ ተረጋግቼ ሳለ ሰርቨሮቹ የደህንነት ማስተካከያ ሳያገኙ ከረሙ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አደራ፣ መጀመሪያ ስክሪፕቱ ስህተት ሲያገኝ እዚያው እንዲቆም አድርግ። በባሽ «ሴት» ላይ የ«ኢ» ምርጫን ማብራት ነው። ውጤቱን በፓይፕ ወደ «ቲ» (ያገኘውን ስክሪንም ፋይልም ላይ የሚጽፍ ትዕዛዝ) እየላክህ ሎግ የምትጽፍ ከሆነ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። አፕትሊ ቢከሽፍም «ቲ» ስለተሳካለት ባሽ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያልፋል። በፓይፑ ውስጥ አንዱ ከከሸፈ ሙሉውን እንደከሸፈ የሚቆጥረውን «ፓይፕፌይል»ንም ጨምርበት።

ቀጥሎ፣ ከማውጣትህ በፊት አዲሱን ስናፕሾት ፐብሊሽ ከሆነው ጋር በስናፕሾት ዲፍ አነጻጽር። ልዩነት ከሌለ አታውጣ። ሳምንት ሙሉ ልዩነት ከጠፋ በቴሌግራም መልእክት ይድረስህ። የኡቡንቱ ሴኩሪቲ ያን ያህል ጊዜ ዝም አይልም።

እኔ ሁለት ቦታ ነው የማወጣው፤ ለሙከራና ለዋናው። ሙከራ ላይ የቆየው ያው ስናፕሾት ነው በኋላ ወደ ዋናው የሚሄደው። ለዋናው እንደ አዲስ ካነሳህ ያልሞከርከውን ነገር ሰጠሃቸው ማለት ነው። የደህንነቱን በአንድ ቀን አሳልፈዋለሁ፣ ሌላው ሳምንት ይቆያል። ችግር ከመጣ ስዊች አድርገህ ወደ ቀድሞው ትመልሰዋለህ። አዲሱን ፓኬጅ የጫነ ሰርቨር ግን በራሱ ወደ አሮጌው አይመለስም፤ እሱን በእጅህ ነው የምታስተካክለው።

ዲስክህ ሲሞላ ዲቢ ክሊንአፕ (ማንም የማይጠቀምባቸውን ፓኬጆች የሚያጠፋው የአፕትሊ ትዕዛዝ) ብቻውን ብዙ አያስለቅቅም። አሮጌ ስናፕሾቶች የያዟቸውን ፓኬጆች አይነካም። መጀመሪያ እነሱን ድሮፕ አድርግ፣ ከዚያ አጽዳ። ፐብሊሽ የሆነውን በስህተት ብትነካ አፕትሊ ራሱ እምቢ ይልሃል።

አፕትሊ ሪፖዚቶሪውን ሲያወጣ የሚፈርምበት የጂፒጂ ቁልፍ የይለፍ ሐረግ ካለው ሌሊት ላይ የሚሞላለት ሰው የለም። ሐረጉን ሩት ብቻ በሚያነበው ፋይል አስቀምጥና አፕትሊን በባች ሞድ (ሰው ሳይጠይቅ በሚሠራበት) አስነሳው። ቁልፉ ለዚህ ሥራ ብቻ የተፈጠረ ይሁን።

ሥራን በሰዓቱ ለማስነሳት ከክሮን ይልቅ የሲስተምዲ ታይመር ይሻልሃል። «ፐርሲስተንት» የሚለውን ካበራህ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍ እንኳ ማሽኑ ሲነሳ የቀረውን ሥራ ይሠራዋል።

ስንት ሚረር እንዳለህና የዲስክህን መጠን ጻፍልኝ። ስክሪፕቱን ለአንተ በሚስማማ መልኩ አስተካክዬ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።