ሌዘር ዳዮድ እንዳይቃጠል፣ ዓይንም እንዳይጎዳ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሌዘር ዳዮድ (የሌዘር ብርሃን የሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) የሚያንቀሳቅስ ድራይቨር በቤታችሁ ለመሥራት የምትሞክሩ ብዙ ናችሁ። ጥያቄዎቻችሁን አንድ ላይ ሰብስቤ እነሆ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከአሮጌ ዲቪዲ በርነር (ዲስክ መጻፊያ) ቀይ ሌዘር ዳዮድ አውጥቻለሁ። በቀጥታ ከባትሪ ጋር ባገናኘውስ?

መልስ፦ እባክህ ተው! ዳዮዱ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ባትሪው ግን አይቀንስለትም። ስለዚህ ከረንቱ ይጨምራል፣ ዳዮዱ ይበልጥ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። የድራይቨር ሥራ ከረንቱን ከተወሰነው መጠን እንዳያልፍ መያዝ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በርካሽ የሚሠራ ሰርኪት አለ?

መልስ፦ አለ። ኤልኤም317 የተባለው ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ) ይበቃሻል፤ ከተጣለ ቦርድ ላይም ልታገኚው ትችያለሽ። ጽሑፉ ወደ አንቺ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ግራው አጀስት (ማስተካከያ)፣ መሃሉ አውትፑት (መውጫ)፣ ቀኙ ኢንፑት (መግቢያ) ነው። በአውትፑትና በአጀስት መካከል ሬዚስተር አድርጊ። ወደ ዳዮዱ ፖዘቲቭ የሚሄደውን ሽቦ ከአጀስት በኩል አውጪ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1.25ን ለሬዚስተሩ ኦም ማካፈል። 10 ኦም 125 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ግማሽ ዋት ሬዚስተር ይችለዋል። የዳዮድሽን ልክ እስክታውቂ ዝቅ ካለ ከረንት ጀምሪ። አንድ ሊቲየም ባትሪ አይበቃም፤ ሁለት በተከታታይ አገናኚ። የኤልኤም317 የብረት ጀርባ ከአውትፑት ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሌላ ሽቦ እንዳይነካው ተጠንቀቂ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ከረንቱን በትክክል ለክቼ ነበር። ዳዮዱን ሳገናኘው ግን ብልጭ ብሎ ሞተ። ለምን?

መልስ፦ በጣም የሚያናድድ ነገር ነው፤ የብዙ ሰው ዳዮድ የሚሞተውም በዚሁ ነው። ድራይቨሩ ዳዮድ ሳይገናኝበት ባዶውን ሲበራ የመውጫው ቮልቴጅ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ይጠጋል፣ መውጫው ላይ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ካለም በዚያ ልክ ይሞላል። ዳዮዱን ስትነካበት የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቅበታል። ከናኖሴኮንድ ያልበለጠ ግፊት እንኳ ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሌዘር ዳዮዱ ምትክ አራት 1ኤን4007 የተባለ ተራ ዳዮድና አንድ ባለ 1 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገናኝና ሞክር። በሬዚስተሩ ላይ 125 ሚሊቮልት ካነበብክ ከረንቱ 125 ሚሊአምፔር ነው። ከዚያ ባትሪውን ንቀል። የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች አገናኝተህ ባዶ አድርገው። ሌዘር ዳዮዱን ሶልደር አድርግ። ባትሪው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። የላላ ሽቦም ያው ጉዳት ያመጣል።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የልብስና የብርድ ልብስ ስታቲክ (በመፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) ሌዘር ዳዮድ ይገድላል። ሶልደር እስክታደርገው ድረስ እግሮቹን በቀጭን ሽቦ ጠምጥመህ አቆይ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ መምህር)፦ ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ላሳያቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ይህንን እንኳ አያሳዩዋቸው። የበርነር ዳዮድ ከ100 ሚሊዋት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ሬቲና ይጎዳል። ከመስታወት ወይም ከቀለበት ነጥሮ የመጣውም ያው ነው። የፀሐይ መነጽር አይከላከልም፤ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ የሌዘር መነጽር ያስፈልጋል። ለክፍል ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ ጠቋሚ ይበቃል። ብርሃኑ በሚያልፍበት ላይ አንዲት የራስ ፀጉር ይወጥሩና ግድግዳው ላይ የሚወጣውን የብርሃንና የጥላ ሰልፍ ያሳዩዋቸው። ልጆቹ በጣም ይወዱታል!

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በቻርጀር ልሥራው ወይስ በባትሪ?

መልስ፦ በባትሪ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ የሲዲ በርነር ዳዮድ አገናኘሁ፤ ምንም አይታይም። ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የሲዲ ዳዮድ ብርሃን 780 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ኢንፍራሬድ። ዓይን እምብዛም አያየውም፣ ግን ይጎዳዋል። ደብዛዛ ስለሚመስል ዓይን ጨፍኖ አይሸሸውም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። አሁኑኑ ባትሪውን ንቀል፣ ጠጋ ብለህም አትመልከተው። ለመጀመሪያ ሥራህ የሚታይ ቀይ ዳዮድ ፈልግ፤ መነጽሩንም ከዳዮዱ በፊት ግዛ።