የትምባሆ ቅጠል ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይደርቃል?

ከደብረ ማርቆስ የጠየቁን ወንድሜ፣ የጓሮዎ ትምባሆ በፀሐይ በሦስት ቀን ደርቆ አረንጓዴ የቀረው ስለተቻኮለ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ለቀናት በሕይወት ቆይቶ አረንጓዴ ቀለሙንና ስታርቹን ራሱ ማፍረስ ይኖርበታል፤ ውሃው ቀድሞ ካለቀ ይህ ሥራ በጅምር ይቀራል፣ በኋላም ማብላላት (የደረቀውን ቅጠል ዳግም አርጥቦ ማቆየት) አያድነውም።

የኅዳርና የታኅሣሥ አየራችን ደረቅ ስለሆነ፣ ቀጣዩን ቅጠል በገመድ ሰክተው ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይስቀሉት፤ ድርቀቱ ሲበረታ ወለሉን ውሃ ይርጩበት። ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ የመሀሉ ጅማት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል፤ ይህም ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። እርጥብ ቅጠል ሲነኩ ጓንት ያድርጉ፤ ኒኮቲኑ በቆዳ ገብቶ ያስመልሳልና ይህን በቀላሉ እንዳያዩት አደራ እላለሁ።

ለማብላላት፣ ቅጠሉ ሳይሰበር እስኪታጠፍ ድረስ ብቻ ያርጥቡት። በትልቅ ክምር ውስጡ ይሞቃል፣ ወደ 50 ዲግሪ ሲጠጋም ይገለበጣል፤ የአሞኒያ ሽታም ያወጣል። የእርስዎ ጥቂት ኪሎ ግን ሙቀት መያዝ ስለማይችል፣ በጥቂቱ እንደረጠበ በማሰሮ ከድነው ለወራት ያቆዩት፣ በየሳምንቱም ከፍተው ያናፍሱት። ሻጋታ ከታየ ውሃው በዝቷል ማለት ነው፤ የሻገተውን ይጣሉት።