ስክሪናችሁ ለሚቀደድባችሁ፦ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

ፈጣን ጌም ስትጫወቱ ምስሉ መሃል ላይ ተቆርጦ ላይኛውና ታችኛው አልገጥም ይላል አይደል? ቲሪንግ የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። ግን ሁለት ቁጥር ይዛችሁ ኑ፦ ሞኒተራችሁ ስንት ኸርዝ (በሰከንድ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ) ላይ እንደተቀመጠና ጌሙ ስንት ኤፍፒኤስ (በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ምስል) እንደሚሰጣችሁ። ያለ ቁጥር ለመጣ አልመልስም። እሺ፣ እመልሳለሁ፣ ግን እየተነጫነጭኩ።

ጀማሪው፦ ጌም ስጫወት ስክሪኔ ይቀደዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ኸርዝ? ስንት ኤፍፒኤስ? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ነው ወይስ የሞኒተሩ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ እርስ በርስ አልተጠባበቁም እንጂ። ሞኒተር ምስሉን ባንዴ አይለጥፍም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየሣለ ይወርዳል። በ60 ኸርዝ አንዱ ዙር 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በ144 ደግሞ 6.9። ካርዱ በበኩሉ ፍሬም ባለቀለት ቁጥር ያቀብላል። ሞኒተሩ ግማሽ ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከመጣበት ከዚያች መስመር በታች አዲሱን መሣል ይቀጥላል፣ ላይኛው ግን ያው አሮጌው ነው። ቆመህ ግድግዳ እያየህ ከሆነ ሁለቱ ፍሬሞች ስለሚመሳሰሉ ምንም አይታወቅህም። ማውዙን ወደ ቀኝ መንጭቀህ ስትዞር ግን የበሩ መቃን ወገቡ ላይ ተቆርጦ የታችኛው ክፍል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ታየዋለህ። ቀስ ያለ ጌም ላይ ያልታየህ ነገር ተኩስና የመኪና እሽቅድምድም ላይ የሚያናድድህ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪንሾት አንስቼ ልላክልህ?

መልስ፦ አትድከም፣ አይታይም። ስክሪንሾት ሙሉውን ፍሬም ነው የሚይዘው፣ መቀደዱ ደግሞ የሚመጣው ፍሬሙ ወደ ሞኒተሩ ሲወጣ ነው። በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው።

ጥያቄ፦ ቪ-ሲንክ ሳበራ መቀደዱ ይጠፋል፣ ማውዙ ግን ጭቃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አልተሳሳትክም። ቪ-ሲንክ ያለቀውን ፍሬም ሞኒተሩ ዙሩን እስኪጨርስ በር ላይ ያስቆመዋል። ጣትህ የጫነችው ነገር ስክሪኑ ላይ እስኪደርስ የሚዘገየው እዚያ ላይ ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ሁለት በፈር (የፍሬም ማቆያ ቦታ) ብቻ ከሆነና ካርድህ 16.7ቷን በትንሹ ካለፋት፣ የሚቀጥለውን ዙር ሙሉ መጠበቅ ስላለበት ከ60 ዱብ ብሎ 30 ይገባል። ትሪፕል በፈሪንግ፣ ማለትም ሦስተኛ በፈር መጨመር፣ ይህችን ያቃልላታል።

ፈጣን ጣት፦ ቪ-ሲንክ የሚያበራ ሰው ተኩስ ጌም ባይጫወት ይሻለዋል።

ዝም አይሉም፦ እኔ አብርቼ ነው የምጫወተው፣ አንተንም እጥልሃለሁ።

ፈጣን ጣት፦ በህልምህ። ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የሰው ዓይን እኮ ከ24 ፍሬም በላይ አያይም።

መልስ፦ አሁን ይሄ ከየት መጣ? 24 ሲኒማ የለመደው የፊልም ፍጥነት ነው፣ የዓይን ጣሪያ አይደለም። ካላመንክ ሞኒተርህን 60 ላይ፣ ከዚያ 144 ላይ አድርገህ የማውዙን ቀስት ብቻ ክብ እያዞርክ እየው። ጠቡን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ሞኒተሬ 144 ነው፣ ፍሪሲንክም አለው፣ ካርዴ ግን ኢንቪዲያ ነው። አይሠራም አይደል?

መልስ፦ ይሠራል! ኢንቪዲያ ጂ-ሲንክን (ሞኒተሩ የካርዱን ፍጥነት እንዲከተል የሚያደርገውን) በ2013 ሲያስተዋውቅ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱ ቺፕ ያስፈልግ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የኤኤምዲ ፍሪሲንክ ያለበት ሞኒተር በ2015 ገበያ ላይ ወጣ፣ የዲስፕሌይፖርትን አዳፕቲቭ-ሲንክ ተጠቅሞ። ኢንቪዲያም በጥር 2019 ለእነዚህ ሞኒተሮች በሩን ከፈተ። ካርድህ ጂቲኤክስ 10 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ይሁን፣ ገመዱ ዲስፕሌይፖርት ይሁን፣ ከዚያ ድራይቨሩ (የካርዱ ሶፍትዌር) ውስጥ ጂ-ሲንክን አብራ።

አሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ስሙኝ። እዚህ ላይ ሞኒተሩ ነው ካርዱን የሚጠብቀው። ሸጋ ነገር ነው፣ ግን ወሰን አለው፤ ብዙዎቹ 144ቶች ከ48 እስከ 144 ነው የሚከተሉት። ኤፍፒኤሱ 144ን ካለፈ ሞኒተሩ መከተል አይችልም፣ መቀደዱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኤፍፒኤስ ገድቡ። ከኸርዙ ሦስት ቀንሱ፣ ማለትም ለ144 ሞኒተር 141። ጌሙ የራሱ መገደቢያ ካለው እሱን አስቀድሙ፣ መዘግየቱ ያንሳል። ከሌለው የድራይቨሩን ወይም ሪቫቱነር የሚባለውን ፕሮግራም። ቪ-ሲንክን ጌሙ ውስጥ አጥፉ፣ ድራይቨሩ ላይ አብሩ፤ ከገደባችሁ በኋላ በር ላይ የሚያቆመው ፍሬም ስለማይኖር ያ የጭቃ ስሜት አይመጣም፣ አልፎ አልፎ የምታመልጠውን ፍሬም ብቻ ይይዝላችኋል።

ጥያቄ፦ 400 ኤፍፒኤስ አገኛለሁ፣ 144 ኸርዝ። ለምን ይቀደዳል?

መልስ፦ ከላይ። በአንድ ዙር ሁለት ሦስት ፍሬም እየገባ ስክሪንህን ሁለት ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። ገድብ።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥን ላይ በኮንሶል ለምንጫወትስ?

መልስ፦ የኮንሶል ሰው አይደለሁም። ሴቲንግ ውስጥ ቪአርአር (ስክሪኑ ካርዱን የሚጠብቅበት ያው ዘዴ) የሚል ካለ አብራው።

ጥያቄ፦ ያረጀ 60 ኸርዝ ሞኒተር ብቻ ላለንስ? ካርዱ ጠንካራ ነው።

መልስ፦ ሪቫቱነር ውስጥ ስካንላይን ሲንክ የሚል አለ። መቀደጃዋን መስመር አያጠፋትም፣ ገፍቶ ከስክሪኑ ጠርዝ ያወጣታል። ቁጥሯን በአምስት በአስር እየቀየርክ መስመሯ ወደ ላይ ስትሸሽ ማየት ራሱ ደስ ይላል፣ እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ጌም ሳልጫወት እሷን ሳሯሩጥ አድሬያለሁ። ካርዱ ግን ትርፍ አቅም ሊኖረው ይገባል፤ 95 በመቶ ላይ እየተንገዳገደ ከሆነ መስመሯ ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ ቪ-ሲንክ ላብራ ወይስ ላጥፋ?

መልስ፦ ሰዎች፣ ከላይ አንብቡ እንጂ።

ጀማሪው፦ ተመለስኩ። 144 ኸርዝ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

መልስ፦ ካርቶኑን አልጠየቅኩህም። ዊንዶውስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ግባና ስንት እንደሚል ንገረኝ።

ጀማሪው፦ 60 ይላል። ከገዛሁት ሁለት ዓመቴ ነው!

ዝም አይሉም፦ ሁለት ዓመት? 😂

መልስ፦ አትሳቅ፣ ግማሾቻችሁ ገብታችሁ ብታዩ 60 ነው የምታገኙት። 144 አድርገው።

ጀማሪው፦ አደረግኩት፣ ማውዙ ራሱ ሌላ ሆነ! ግን አሁንም ትንሽ ይቀደዳል።

መልስ፦ ኤፍፒኤስህ ስንት ነው?

ጀማሪው፦ ብዙ ነው።