መልስ፦ የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን ከየት ልጀምር?

የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ዛሬም ያስፈራሉ ወይ፣ ኦንላይን በነጻስ ይገኛሉ ወይ ብለህ ነበር የጠየቅከው። ለመጀመሪያው መልሴ አዎ ነው፤ በነጻ የሚገኙት ግን ሁሉም ሳይሆኑ አንዳንዶቹ ናቸው።

በፈረንጆቹ 1922 ከወጣው "ኖስፌራቱ" ጀምር። ድምፅ አልባ ነው። ግን የደም መጣጩ ጭራቅ ጥላ ደረጃውን ሲወጣ ስታይ አሁንም ሰውነትህን ይወርርሃል። ፊልሙ ያለ ፈቃድ ከ"ድራኩላ" ልቦለድ ስለተወሰደ የደራሲው ሚስት ከስሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዝዞ ነበር። ደግነቱ ጥቂቶች ተረፉ።

ከዚያ የ1960ውን "ሳይኮ" እይ። ጭራቁ ሩቅ አገር ያለ ፍጡር ሳይሆን ትሁት የሚመስል ጎረምሳ ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው።

የ1968ቱ "ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ" ደግሞ የዛሬውን የዞምቢ ፊልም መልክ ያስያዘ ነው። ታሪኩ ይገርማል። የፊልሙ ርዕስ ሲቀየር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ሳይገባ ቀረ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ይሄ ብቻ በቂ ነበር፤ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ ማለትም ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሊያባዛውና ሊያሳየው የሚችል። ለዚህ ነው ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ነጻ የኦንላይን ቤተ መዛግብት ላይ በነጻ የምታገኘው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ግን ከዚያ ሁሉ ዝና የሚገባውን አላገኘም፤ ያሳዝናል።

ዩቲዩብ ላይ የደበዘዙ ቅጂዎች ስለሚበዙ የታደሰውን ፈልግ። ማስታወቂያ ከሚያዘንቡ የስርቆት ሳይቶች ራቅ፤ ቫይረስ ታተርፋለህ። ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ እይ። ከ"ሳይኮ" ላይ ቫዮሊኑን ብትቀንስ ግማሹ ፍርሃት አብሮ ይሄዳል።